ሞንታርቦ ያልተሸከመው

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሬዲዮ ሲታመም የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ለሌለው ሰው ነው። አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረኝ። ካሴት እቀዳለሁ፣ ቴፕ እጠግናለሁ፣ ለሰርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ከካራቆሬ እስከ ጣርማ በር ዳገት ሥር ድረስ ድምፁ የጠፋ ዕቃ ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ላይ አልፏል። ዕቃው መልሶ ሲናገር ባለቤቱ ይገረማል፤ እኔ አልገረምም። እኔን የሚገርመኝ ሰው ያን ያህል ዓመት ሬዲዮ ይዞ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ውስጡን ከፍቶ ለማየት አለመጓጓቱ ነው።

አስተማሪ አልነበረኝም። የተወለድሁት ቀወት ገጠር፣ ማሽላ ከሚያርስ ቤት ነው። ወደ ከተማ ወርጄ የትንባሆ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሳለሁ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለየሁ፤ ለአንዱ መንገደኛ አንዱን ፊደል፣ ለሌላው ሌላውን እያሳየሁ «ይህ ምንድን ነው?» እያልሁ። ሁሉንም አንድ ሰው አስተምሮኝ ቢሆን ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ «እኔ ነኝ ሰው ያደረግሁት» እያለ ያስወራብኝ ነበር። ትምህርቱን እንዲህ በመበተኔ ማንም የእኔ ነው የሚለኝ ሳይኖር ማንበብ ቻልሁ። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። የሞተ ሬዲዮ አግኝቼ ስፈታና ስገጥም፣ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ስተወው፣ ሲበርድልኝ ስመለስበት፣ አንድ ቀን አስነጠሰና ዜና ማውራት ጀመረ። ግጥም ደግሞ ጆሮ ላለው ሰው የሚጠፋ ነገር አይደለም። ቤት ሳይመታ የሚያልፍ ስንኝ ስሰማ ጥርሴን ያመኛል። ይህ ሕመሜ አንድ ጊዜ ለከተማው ጠቅሟል፤ የምጽፈውም እሱን ነው።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ባጃጅ ከተማችን ገብቶ፣ ካሴት ሊሞት ሲያጣጥር፣ ቪሲዲ የሚሉት ሳህን በነገሠበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ወጣት ሁሉ ተደራጅ ይባል ነበር። ድንጋይ የሚፈልጠው ተደራጀ፣ ዶሮ የሚያረባው ተደራጀ፣ ዶሮ የሚሰርቀውም ሳይደራጅ አልቀረም። አራት ጎረምሶችም «በሙዚቃ ተደራጅተናል» ብለው ሱቄ መጡ። የቡድኑን ስም ነገሩኝ፤ ከቡድኑ ይልቅ ስሙ ይረዝም ስለነበር ሳልይዘው ቀረሁ።

አንደኛው ልብስ ሰፊ ነው። ዘፋኙና መሪው እሱ ነው፤ መሪነቱን ያገኘው ከሌሎቹ ቀድሞ በመናገር ነበር። ሁለተኛው ባጃጅ ነጂ ሲሆን ከበሮ ይመታል፤ ከበሮውንም እንደ ባጃጁ መታጠፊያ ላይ ይቀድምበታል። ሦስተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ኦርጋን በሁለት ጣት ይጫወታል፣ የቀሩት ጣቶቹ ለጌጥ ናቸው። አራተኛው እናቱ መንገድ ዳር ማንጎ የምትሸጥ፣ እሱ ግን ምንም የማይሸጥ ቀጭን ልጅ ነበር። ሲዘፍን ውኃ የጠማው ፍየል ይመስላል። ትከሻው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አጥንት የለበትም።

ያም ሆኖ ያዝኋቸው። ምክንያት ነበረኝ። ከእነሱ በፊት ድምፅ ያለው ሁሉ በእጄ አልፏል። ሱቄ ውስጥ ማይክ አያያዝ ይማርና የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ አዲስ አበባ ይቀራል፤ «የት ተማርህ?» ሲሉት «ተፈጥሮ ነው» ይላል። ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፦ ዳገቱን የማይወጣ፣ እዚሁ ሙቀቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚዘፍን ቡድን ዓይኔ ሳይፈዝ ማየት። ጥሩ ድምፅ ያለው እንደማይቀመጥልኝ ስለገባኝ እነዚህን መረጥሁ። እነዚህን ማን ይወስዳቸዋል ብዬ።

ዝና ግን ጆሮ የለውም።

ትልቁን ድምፅ ማጉያ እኛ ሞንታርቦ ነው የምንለው። የእኔን ሞንታርቦ ሁለት ሳጥኖች የሠራሁት ራሴ ነኝ፣ ከአሮጌ የዝግባ ቁም ሳጥን። አጠገባችን ጀውሃ ላይ ተተክለው ሲጮኹ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጎማ የፈነዳባቸው መስሏቸው ቆመዋል። ክብደታቸውም እንደ ድምፃቸው ነው። የገጠር ሰርግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዳፋት ላይ ስለሚጣል፣ ሳጥኖቹ እንዳይገለበጡ ሰው ይደግፋቸዋል። ልብስ ሰፊው አንዱን በትከሻው ደግፎ ከኋላው ይዘፍናል፤ ከበሮ መቺው ሌላውን በጀርባው ተደግፎ ይመታል፤ ኦርጋን ነኪው በመሐላቸው ተወሽቆ በጉልበቱ ያግዛል። ቀጭኑም አንድ ቀን ልደግፍ ብሎ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ተዳፋቱን ወረደ። ሳጥኑ ደኅና ነበር፤ እኔም የምጠይቀው የሳጥኑን ነበር። ከዚያ ወዲያ «አንተ ከፊት ሁን፣ አትንካ፣ ትከሻህን ብቻ ነቅንቅ» አልሁት።

ዝናው የተገኘው ከዚህ ነው። ከባድ ነገር መሸከም ባለመቻል።

ካራቆሬ አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ቪዲዮ የሚያነሣ ሰው መጣ። የእሱም ካሜራ እንደ ሌላው ካሜራ ከፊቱ ያለውን ነው የሚያነሣ። ቪሲዲው በተባዛ ጊዜ ቀጭኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሐረቡን እያውለበለበ ይታያል። ከሦስቱ የሚታየው ከሞንታርቦው ጀርባ አንድ ክርን፣ ጫማ፣ አልፎ አልፎም የልብስ ሰፊው ግንባር ነው። አንድ የአውቶቡስ ረዳት ያንን ሳህን ገዝቶ መኪናው ውስጥ ከፈተው፤ ሌላው ከሱ ሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ ከደሴ የሚወርደው ሁሉ እሱን ያጫውት ጀመር። ተሳፋሪው ለምሳ ሲወርድ «ያ ቀጭኑ የዚህ ከተማ ልጅ ነው አሉ፣ የታለ?» ይላል። የእናቱ ማንጎ ፀሐይ ሳይበረታ ማለቅ ጀመረ። ልጁም ኮፍያ ገዛ። ያ ሁሉ መንገደኛ ድምፁን እየሰማሁ ነው ብሎ የሚያደንቀው የልብስ ሰፊውን ድምፅ ነበር። ይህን አንድ ሰው አልጠረጠረም። የሰው ጆሮ ዓይኑን እንደሚከተል ያኔ አወቅሁ፤ ለጆሮ የነበረኝም አክብሮት ቀነሰ።

ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ ሙዚቃ ቤት ለቀጭኑ ስልክ ደወለ፤ ብቻህን ና አለው። ልጁ እሄዳለሁም አልሄድምም ሳይል ኮፍያውን እያስተካከለ ከረመ። ሁለተኛው፣ አውቶቡሶች ምሳ የሚበሉበት ሆቴል ባለቤት እትዬ ሱቄ ድረስ መጡ። ከሆቴላቸው ጀርባ አዲስ አዳራሽ አሠርተው ነበር። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት።

«ጋሼ፣ ቡድንዎን ለቅዳሜ ቅዳሜ እፈልገዋለሁ፣ ለአንድ ቀን አይደለም፣ ለዘለቄታው። ቀጭኑ ከሌለ ግን ሌላውን ምን አደርገዋለሁ?»

ምኞቴ በደጄ ቆሞ ነበር። አዳራሹ ከተገኘ ቡድኑ ሥር ይሰድዳል፤ ቀጭኑ ከሄደ ግን አዳራሹም፣ ቡድኑም፣ የእኔም ነገር ያበቃል። ለሦስቱ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ሰው ቢሆኑ ደስ ይላቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ሰው ከሰው ሲጣላ አይደባደብም፤ ይገማገማል። ሦስቱም ቀጭኑን ሱቄ ውስጥ፣ የተፈቱ ቴፖች መሐል አስቀምጠው ገመገሙት። ልብስ ሰፊው ሰብሳቢ ሆነ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቃለ ጉባኤ ያዝሁ አለ፤ የሚጽፍበት ግን አልነበረውም። የተከሰሰበት ነገር ብዙ ነው። ራሱን ከቡድኑ አስቀድሟል። መሐረቡን ያለ ውይይት ነው የገዛው። ጀውሃ ላይ ሰው «እነዚያ እነማን ናቸው?» ሲለው «አብረውኝ ናቸው» ብሏል፤ «አብሬያቸው ነኝ» ማለት ሲገባው። በመጨረሻ ባጃጅ ነጂው ተነሥቶ «ይህ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው» አለ። ምን ማለት እንደሆነ አያውቀውም፤ በስብሰባ ሲሰደቡበት ሰምቶ ነው። ቀጭኑን ግለ ሒስ አድርግ ሲሉት ብዙ አሰበና «ፊቴ ይታያል፣ ወደፊት አስተካክላለሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ ሌላ ጥፋት ምን አለው? እኔ ብየዳዬን እየበየድሁ ነበር። ከእንደዚያ ያለ ጉባኤ እርሳስ ቀልጦ ሲንጠባጠብ ማየት ይሻላል።

ግምገማው ልጁን አላባረረውም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ሌላ መላ ዘየደ። በሳምንቱ የእትዬ የወንድማቸው ልጅ የምትዳርበት ሰርግ ነበረ፣ ከጀውሃ በላይ ካለ የገጠር መንደር። ቡድኑ ተጠርቷል፣ እትዬም ይኖራሉ። ልብስ ሰፊው ያሰበው ቀጭኑን በዚያ ሁሉ ሰውና በእትዬ ፊት በዘፈን ሊያዋርደው ነው። ልጁ አፍሮ በመጀመሪያው አውቶቡስ ዳገቱን ይወጣል፤ እትዬም ሌላ ስለሌላቸው ሦስቱን ይቀጥራሉ። ይህን ተንኮል ነው ብሎ ራሱ በኩራት ሱቄ መጥቶ ነገረኝ፤ የምቱን ካሴት እንዳዘጋጅለት ስለፈለገ። ቀጭኑ እንዳይሰማ ብሎ ተማጠነኝ።

«ራፕ ነው የምናደርገው ጋሼ» አለኝ። «አሁን ሁሉም ራፕ ነው።»

ራፕ የሚባለውን በአውቶቡሶቹ ሰምቼዋለሁ። ዜማ ያጣ ሰው በፍጥነት ሲያወራ ነው። የእኛ አባቶችም ዜማ ሳያስረዝሙ በፍጥነት ይናገሩ ነበር፤ ፉከራ ይባላል። ግን የሚፎክር ሰው ቢያንስ አንድ አውሬ ገድሏል ወይም ገደልሁ ሲል የሚያምነው ሰው አግኝቷል። ይህ ሱሪ ሰፊ ግን ጓደኛዬ ቪዲዮ ተነሣ ብሎ ሊፎክር ነው። ይሁን፣ በል አሰማኝ አልሁት። አሰማኝ፦

«እሱ ታዋቂ ነው፣ እኛ ግን አይደለንም፣
ይሄ ነገር ልክ አይደለም፣ በጣም ነው ያስቀየመው።»

ጥርሴን ያዝሁ። «ይህ ግጥም አይደለም፣ አቤቱታ ነው፤ ቀበሌ ውሰደው» አልሁት።

ያን ቀን ማባረር እችል ነበር። ሞንታርቦዬን አልሰጥም ብል ሰርጉም ይቀራል፣ ዘፈኑም ይቀራል። ግን ቀናተኛ ሰው ከእኔ ሱቅ ቢባረር ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ በሌላ ሱቅ ደግሞ ግጥሙ ተሰብሮ እንደተሰበረ ይቀራል፣ የተንኮሉም መውጫ አይታወቅም። እኔ ዘንድ ይሠራ አልሁ። ተቀመጥሁና የሚከተለውን ከአፌ አወጣሁ፤ እሱ በቃሉ ያዘው፦

«እኛ ሞንታርቦ አዝለን ወገባችን ሲጎብጥ፣
እሱ መሐረብ ይዞ ከፊት ለፊት ሲያጌጥ፤
"ኋላ ያሉት እነማን?" ቢሉት "አላውቅም" አለ፣
ትናንት በእኔው ጫማ ካራቆሬ የዋለ።
ለእሱ ማንጎው ይላጣል፣ ለእኛ ልጣጭ ይጣላል፣
የአውቶቡስ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ያያል፤
እናቴ ሳትቀር "ቀጭኑ ደኅና ነው?" ትላለች፣
ባጃጄም ለእኔ ጠፍታ ለእሱ ትነሣለች።»

መመለሻውም ይኸው፦

«ቀናን፣ ምን ይደረግ፣ ቀናን፣
ሞንታርቦ ሸፈነን እንጂ እኛም ሰው ነበርን።»

ልብስ ሰፊው እስኪያለቅስ ሳቀ። በማን ላይ እንደሚስቅ አልገባውም ነበር። ስንኙን አንድ በአንድ ያየ ሰው ስድቡ ሁሉ በተሳዳቢው ላይ እንደወደቀ ያያል፤ ግን እሱ ጨርቅ እንኳ ሲሰፋ ገልብጦ የማያይ ሰው ነው።

ቀጥሎ ምቱን ሠራሁለት። የፈረንጁን ዱብ ዱብ አስወጥቼ በየስንኙ ማለቂያ የገጠር ሰርግ ጭብጨባ ከተትሁበት፣ ልጃገረዶች ሚዜ ሲሰድቡ የሚያጨበጭቡትን። ይህ የገጠር ነው ብሎ ሊያጉረመርም ሲል የምትዘፍነው የት መሰለህ አልሁት።

እዚህ ላይ የከተማ ሰው ካነበበኝ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በእኛ ቆላ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ ወገን ልጃገረዶች ሚዜዎቹን በዘፈን ይሰድባሉ፤ አፍንጫውን፣ ጫማውን፣ አበላሉን። የተሰደበ ሰው አይቆጣም። ተነሥቶ መሐል ይገባና ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ሰዳቢዎቹም እሱ ራሱ በቃኝ ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ ሊያጨበጭቡለት ግድ ነው። ተቆጥቶ የወጣ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይሳቅበታል። የገባ ግን የዕለቱ ጌታ እሱ ነው፤ ከሙሽራው እንኳ ይልቅ። ሦስቱ ከተማ ያደጉ ናቸው። ስንት የገጠር ሰርግ ሄደዋል፣ ግን ሁሉንም ያሳለፉት ከሞንታርቦ ጀርባ ነው። ካሜራው እነሱን እንዳላየ እነሱም ሰርጉን አላዩትም።

ሚስቴ ይህን ስተርክ በሰማች ቁጥር «አንተ ያወቅኸው ከሆነ በኋላ ነው» ትላለች። ሚስቴ ሬዲዮ ሲበላሽ «ይቆይ፣ ራሱ ይሻለዋል» የምትል ሴት ናት።

በሰርጉ ቀን ጄኔሬተሩንና ሳጥኖቹን በጭነት መኪና ጭነን ወጣን። ዳሱ ከተዳፋቱ ላይ ተጥሏል፤ ከሥር ዋናው መንገድና የሚሮጡት አውቶቡሶች ይታያሉ። ሙቀቱ ቅጠሉን አልፎ ይጋረፋል። እትዬ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ቀጭኑ ምንም ሳያውቅ ከፊት ቆሞ መሐረቡን አወጣ። ሙሽራው ከእነ ሚዜዎቹ ገብቶ፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ሁለት ሦስት ዘፈን ካለፈ በኋላ ልብስ ሰፊው ከሳጥኑ ኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

መጀመሪያ ሰዉ አልገባውም። ሰው ሲያወራ እንጂ ሲዘፍን አልመሰላቸውም። «መሐረብ ይዞ» ሲባል ግን ዓይን ሁሉ ወደ መሐረቡ ሄደ። «በእኔው ጫማ» ሲባል ቀጭኑ እግሩን አየ፤ ሰዉም እግሩን አየ፤ ዳሱ በሳቅ ተነቃነቀ። ልጁ መሐረቡን ቀስ ብሎ አጠፈና ኪሱ ከተተ። ከዚያ መሐረብ መክተት የበለጠ የሚያሳዝን ነገር አላየሁም፤ ብዙም አላሳዘነኝ እንጂ። ሦስቱ ከኋላ ሲሳሳቁ ይሰማል፤ ማይኩ ክፍት እንደሆነ አያውቁም። ልጁ ዞሮ ጄኔሬተሩ አጠገብ ወዳለሁበት መጣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ። ዛሬውኑ አዲስ አበባ እገባለሁ» አለኝ።

ከሥር አውቶቡስ ጡሩምባ ነፋ። እጁን ያዝሁት። ብዙ መናገር አልወድም፤ እንደ ሬዲዮ ብዙ የሚናገር ዕቃ ቶሎ ይበላሻል።

«ከዚህ ብትወጣ ስድብ ነው፣ መሐል ብትገባ ሙገሳ ነው። የከተማ ልጅ ነህ አታውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ግባ።»

አላመነኝም። ቆሞ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ቡድኑ በአንድ ቀጭን ልጅ እግር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያውም በሰው ጫማ። የረዳኝ ጭብጨባው ነው። ካሴቱ ወደ መመለሻው ደርሶ ያ የልጃገረዶች ጭብጨባ ሲመጣ ዳሱ ውስጥ ያለ እጅ ሁሉ ሳይታዘዝ ተነሣ። አንዲት ዱላ የያዙ ባልቴት ከሴቶቹ መሐል ቆሙና «የተሰደበው የታለ? ይግባ እንጂ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ሁለት ልጃገረዶች መጥተው ቀጭኑን በግራና በቀኝ ያዙት፤ እኔም ከኋላ ገፋሁት። መግፋቴን ማንም አላየም፤ ካሜራ ስለሌለ።

ገባ። ትከሻው ጭብጨባውን ሲያገኝ አጥንት እንደሌለው አስመሰከረ። መሐረቡ ከኪስ ወጣ። ሰዉ «ቀናን» የሚለውን ወዲያው ያዘው። ከዚያ ባልቴቷ ዱላቸውን ወደ ሳጥኖቹ ዘርግተው ሰዳቢዎቹ ወጥተው እንዲያጨበጭቡ አዘዙ። ሦስቱ ተጎትተው ወጡ። ሳጥኖቹን እኔና ሁለት የመንደሩ ሰዎች ደገፍን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ቆሙ፤ ቆመውም ለቀጭኑ አጨበጨቡ። ሕጉ እሱ በቃኝ እስኪል ነው፤ እሱ ደግሞ በቃኝ የሚል ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊው እጁን ሊያሳርፍ ሲል አንድ ገበሬ «ስትሰድብ አልደከመህም» እያለ ይቀሰቅሰዋል። «ድገሙት» ተባለ፣ ተደገመ፣ እንደገና ተባለ። ቤንዚኑ አልቆ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ሴቶቹ በአፋቸው ተቀበሉት። እኔ ስንት ዓመት የለፋሁበት ሞንታርቦ ዝም ብሎ ቆሞ ያ ግጥም በባዶ አፍ ተዳፋቱን ሲወርድ ሰማሁ።

እትዬ መጨረሻ ላይ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጡ።

«ይህችን ዘፈን ቅዳሜ ቅዳሜ እፈልጋታለሁ» አሉኝ። «ከነተሰዳቢዋ፣ ከነሰዳቢዎቿ። አንዱ ቢጎድል አልቀበልም።»

ስንመለስ መኪናው ላይ ቀጭኑ ሳጥኑን ተደግፎ አንቀላፋ። ጀውሃን ካለፍን በኋላ ልብስ ሰፊው ያበጠ መዳፉን እያየ «ጋሼ፣ እንግዲህ ዕድሜ ልካችንን ምቀኛ ተብለን ልንኖር ነው?» አለኝ።

«ሌላ ሙያ ካለህ ንገረኝ» አልሁት። «የሰፋህልኝ ሱሪ አንዱ እግሩ ዛሬም ይረዝማል።»

ቅዳሜ መጣ፣ አዳራሹ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሞላ። ሦስቱም ዝናቸውን አገኙ፤ ሕፃናት ከኋላቸው «ምቀኞቹ መጡ» እያሉ ይሮጣሉ። መጀመሪያ ድንጋይ ያነሡባቸው ነበር፤ በኋላ ለመዱት፤ ከዚያም ወደዱት፤ ውርደት እንኳ ብዙ ሰው ሲያየው ጌጥ ይመስላል። ባጃጅ ነጂው ከባጃጁ ጀርባ «ቀናን» ብሎ በትልቁ አጻፈ። የፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ በዛ፤ ሰዉ የሚመጣው ምቀኛ ሰው በምላጭ እንዴት እንደሚጨክን ሊያይ ነው። ልብስ ሰፊው ድምፁ የእሱ መሆኑን ዛሬም ላገኘው ሁሉ ያስረዳል። ማንም አያምነውም፤ ዘፈኑ ራሱ ስለመሰከረበት ምቀኛ ነው ይሉታል።

ቀጭኑም ሞንታርቦ ልሸከም ብሎ ተነሣ፤ ወንድማማችነት ነው አለ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ጣለውና የአንዱን ሳጥን ጥግ ሰበረው። ጠግኜ ሁለተኛ እንዳይነካ ከለከልሁት።

የአዲስ አበባው ሙዚቃ ቤት እንደገና ደውሎለት ነበር። ስልኩን ያነጋገረው እኔ ፊት፣ ሱቄ ውስጥ ነው። ሰውዬው ብዙ ተስፋ ሰጠው፤ አዳምጦ አዳምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እዚያ ማን ይቀናብኛል?» አለና ዘጋው።

ከማውቀው ሰው ሁሉ በአጭር ቃል ያን ያህል የተናገረ የለም። ከእኔ ነው የተማረው።

አዳራሹ በመጨረሻ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ፤ እትዬ አረጁ፣ ጎረምሶቹም ሆድ አወጡ። እኔም ሱቄን ዘግቻለሁ። አሁን በየስልኩ ውስጥ የሚጮኸውን ነገር ልጆች ያሰሙኛል፤ ቤት የሚመታ ሳገኝ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው የሠራሁትን ራሴ ልጥራ፤ ለሌላ ሰው ብተወው ያጎድለዋል።

ከስኳር መጠቅለያ ላይ ማንበብ ተማርሁ።

የሞተ ሬዲዮ አስነጥሼ አስወራሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ መጥቶ እንደሞተ የተመለሰ ሬዲዮ የለም፣ ውኃ ውስጥ ካደረው ከአንዱ በቀር፤ እሱም የባለቤቱ ጥፋት ነው።

ከቁም ሳጥን ሞንታርቦ ሠራሁ። ዛሬም ቤቴ ውስጥ ቆሟል፣ ይጮኻል፣ አንዱ ጥጉ ብቻ ነው የተጠገነ።

ራፕ የሚባለውን ነገር ሳልወደው ቤት አስመታሁት።

ለሦስት ሰዎች ስድብ ገጥሜ በራሳቸው አፍ አሰድቤያቸዋለሁ፤ እስካሁን ሳይታሰብ የሆነ ይመስላቸዋል፣ አልነገርኋቸውም።

ድምፅ የሌለውን ልጅ ከፊት አቁሜ ዘፋኝ አደረግሁት።

በአንድ የጭነት መኪና አራት ሆነው ወደ ሰርግ የወጡትን፣ ሦስት ሊሆኑ ሲሉ፣ አራት አድርጌ ወደ ሮቢት መለስኋቸው። ከዚያ ወዲያ ከመካከላቸው ዳገቱን የወጣ የለም።